የጥቁሩ ሳይክል ኮርቻ

ኅዳር 23 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሚዛን ተፈሪ

ለምወድህ ልጄ ለፍሬአብ፤
ድሬዳዋ

ይህን ፖስታ ስታይ መጀመሪያ «ማን ሞተ?» እንደምትል አውቃለሁ። ማንም አልሞተም። እናትህ ደህና ናት፤ እህትህ ዮሃና ደህና ናት፤ እኔም ከግራ ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። የጉልበቴን ነገር በኋላ እመጣበታለሁ። ደብዳቤ የጻፍኩልህ በስልክ ስለማይሆንልን ነው። አንተ ለእናትህ ትደውላለህ፤ እሷ «አባትህን ላገናኝህ» ስትል መስመሩ ይቆረጣል። ሁልጊዜ እዚያችው ቃል ላይ እንዴት እንደሚቆረጥ ይገርመኛል። እኔም ብሆን የምሻል አይደለሁም፤ በእንቁጣጣሽ ስልኩን ከእጇ ነጥቄ ስለ ዝናብ ብቻ አውርቼ መለስኩላት። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ዝናብ ያወሩ አባትና ልጅ እኛ ሳንሆን አንቀርም። ስለዚህ ዛሬ መቀሴን አስቀምጬ እስክሪብቶ ያዝኩ። ልነግርህ የፈለግኩት አንድ ነገር ነው፤ ግን ታውቀኛለህ፣ ሱሪ ስሰፋም ከኪሱ ነው የምጀምረው። ትንሽ ታገሠኝ።

ትልቁን ወሬ ላስቀድም። ጥቁሩ ሳይክልህ ከጣሪያ ወርዷል። አዎ፣ ያው ዮሃና ከላዩ በወደቀች ማግስት ከሱቁ ወራጅ ላይ በገመድ ጠፍሬ የሰቀልኩት፣ «ይህን የነካ ከኔ ጋር ተጣላ» ያልኩበት ሳይክል። ደንበኞቼ ልካቸውን ስወስድ ቀና ብለው እያዩት «ጋሽ ይርዳው፣ ይሄ ነገር አይወድቅብንም?» ይሉኝ ነበር። እኔም «እስካሁን አልወደቀም፣ አንተ ብቻ ቀጥ ብለህ ቁም» እላቸዋለሁ። ማውረድ ቀርቶ አቧራውን እንኳ አላራገፍኩለትም። ባየሁት ቁጥር ያቺ ዕለት ትመጣብኛለች፤ የሆስፒታሉ ኮሪደር፣ የዮሃና እግር፣ ሰው ሁሉ እየሰማ አንተን ያልኩህ ነገር። «ከዛሬ ጀምሮ አባቴ ብለህ እንዳትጠራኝ» ነበር ያልኩህ። አንተም ታዛዥ ልጅ ነህና እስከ ዛሬ አልጠራኸኝም።

ሳይክሉን ያስወረደኝ ሐኪም ነው። የዮሃና እግር ከዳነ በኋላም ብርድ ሲሆን ትንሽ ታነክስ እንደነበር እናትህ ሳትነግርህ አትቀርም። ባለፈው ግንቦት ሐኪም ዘንድ ብወስዳት ጉልበቷን እጥፍ ዘርጋ እያደረገ አየና «ሳይክል ትንዳ» አይለኝም! በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። «ዶክተር፣ የሚዋጥ ነገር የለም?» አልኩት። «የሚዋጠውማ ይሰለቻል፤ ይሄኛውን ራሷ ትለምንሃለች» አለኝ። ዮሃና አጠገቤ ቁጭ ብላ ሳቋን ለመደበቅ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ሱቅ ስንደርስ መሰላል ጠየቅኩ።

ግን እንዴት ብዬ ብቻዋን ልልቀቃት? እናትህ «እኔ ከኋላዋ እሮጣለሁ» ብላ አንድ ቀን ሞከረች፤ በማግስቱ ከአልጋ ለመውረድ ሁለት ሰው ነው የደገፋት። የቀረሁት እኔ ነኝ። በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ሳይክል መልመድ ጀመርኩ ብልህ ታምነኛለህ? ዮሃና ባትኖር እኔም አላምንም ነበር።

ያስተማረኝ ጎረቤታችን ባዘዘው ነው። ከባድ መኪና መንዳቱን ትቶ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚይዘው መሪ አጥቶ ሲቁነጠነጥ ከርሞ ነበርና፣ ሳይክል የሚል ቃል እንደሰማ ከወንድሙ ልጅ ሳይክል ተውሶ ከተፍ አለ። የሚነዳው ልክ እንደ ተሳቢ ነው። ከመነሳቱ በፊት ጎማውን በእርግጫ ይመታል፣ ኩርባ ላይ በአፉ ጥሩምባ ይነፋል፣ ኋላውን ለማየት ደረቱን ሙሉ ያዞራል። እኔን በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ከኋላ ደግፎ «ወደ ታች አትይ! መንገዱን እይ!» እያለ ሲጮህብኝ፣ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ኳሳቸውን ትተው ተሰልፈው ያዩናል። ግማሾቹ ዩኒፎርማቸውን የሰፋሁላቸው ናቸው። ይሳቁ፣ ምን አለበት። በሦስተኛው ሳምንት ብቻዬን ሜዳውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ነፋሱ ሸሚዜን ከኋላ ሲነፋው ስንት ዓመት የሰፋሁት ሸሚዝ ያን ሁሉ ስፋት ምን እንደሚያደርግበት ያኔ ገባኝ። አንተ ግን ይህን የመሰለ ደስታ ስታውቅ ኖረህ አንድ ቀን እንኳ «አባዬ፣ ሞክረው» አላልከኝም፤ እሱን ቂም ይዤብሃለሁ።

አንድ ነገር ግን እያዘንኩ አድርጌያለሁ። ኮርቻውን ዝቅ አደረግኩት። እግሬ ፔዳሉ ላይ አልደርስ ሲል ምን ላድርግ? ያንተ የውስጥ እግር ልክ ሰማንያ አምስት ነው፣ የኔ ሰባ ስድስት። ከየት ታውቃለህ ካልከኝ፣ የልክ ደብተሬ ላይ አለህ፤ ለአስራ ሁለተኛ ክፍል ምርቃትህ ሱሪ ስሰፋልህ የጻፍኩት። ገጹን አልቀደድኩትም።

አሁን አራት ሆነናል፤ ከነባጃጁ አምስት። ለዮሃና ሳይክል ያገኘችላት ሐያት ናት፣ ፊት ለፊታችን ያለው የሸቀጥ ሱቅ ልጅ። እህቷ ቦንጋ አግብታ ስትሄድ ሳይክሏን እቤት ጥላው ሄዳለች፤ ሐያት አቧራውን ጠርጋ ለዮሃና ሰጠችና በራሷ ሳይክል አብራት ትነዳለች። ሁለቱ ሲነዱ ወሬ አያቋርጡም፤ ዳገት ላይ እኔና ባዘዘው ምላሳችን ወጥቶ ስናለከልክ እነሱ ስለ ኬሚስትሪ መምህራቸው ያወራሉ። እናትህ ደግሞ ምግቡን ይዛ በባጃጅ ትከተለናለች። ሰፈሩ መጀመሪያ «ማናልሞሽ ባሏን በባጃጅ ታሳድዳለች» ብሎ አወራ። እሷም ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። እንዲያውም አንድ ቀን ማንም ሳይሰማ ሱቅ ገብታ «ሱሪ ስፋልኝ» አለችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር የእናትህን እግር ለሱሪ ስለካ የመጀመሪያዬ ነው። ስትቆም ቀሚስ የሚመስል፣ ስትቀመጥ ሱሪ የሚሆን ሰፊ ነገር ሰፋሁላት። አሁን ሦስት ሴቶች እንደሱ እንድሰፋላቸው አዝዘውኛል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው የምንወጣው። አንድ ቀን ወደ አማን ቁልቁል፣ አንድ ቀን ወደ በበቃ መንገድ። ጉሬዛዎቹ ከመንገዱ በላይ ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ባዘዘው ቆሞ መንገድ ይለቅላቸዋል፤ «ቅድሚያ ላላቸው ቅድሚያ» ይላል። ዝናብ ሲይዘን የሙዝ ቅጠል ቆርጠን ራሳችን ላይ ደፍተን እንቆማለን። ከዚያ ዝናቡ ያልፍና መንገዱ ላይ እንፋሎት ይነሳል፣ ኮረሪማው ይሸታል፣ ዮሃና ቀድማ ትወጣና «አባዬ፣ ያዘኝ!» ትላለች። እግሯን እያየሁ እነዳለሁ። ቀኙም ግራውም እኩል ነው የሚሄደው። ይህን ብቻ ብጽፍልህም ይበቃ ነበር።

አሁን ወደ ጉልበቴ ልምጣ። ባለፈው ቅዳሜ «ሸኮ ደርሰን እንምጣ» ተባለ። ቅዳሜ ሱቄን ስዘጋ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ መሆኑ ነው። ማለዳ ወጣን፤ ዳገቱን ግማሹን እየነዳን ግማሹን እየገፋን ጨረስነው፤ ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። ባዘዘው ቆሞ የሁላችንንም ፍሬን ፈተሸ፤ የኔ ፍሬን ምንም ችግር አልነበረውም። ችግሩ ያለው እኔ ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ላይ የተቀመጠ ሰው ማቆም የሚያውቀው በአንድ መንገድ ነው፤ በተረከዙ መርገጫውን ይጫናል፣ ቀኝ እጁን ዘርግቶ መዘውሩን ይይዛል። ሳይክሉ ፈጠነ፣ እኔ ደነገጥኩ፣ ጭንቅላቴ ፍሬኑን ረሳው፣ እጄ ግን ሥራውን አልረሳም። ተረከዜን ተጫንኩና ቀኝ እጄን ከመሪው አንስቼ የሌለ መዘውር ፍለጋ ወደ ጎን ዘረጋሁት! ሐያት ከኋላዬ «ጋሼ ሰላም እያሉ ነው መሰለኝ» ብላ እሷም እጇን አወዛወዘችልኝ አሉ። በአንድ እጅ የተያዘው መሪ ዞረና ከመንገድ ዳር ያለ የቡና ማድረቂያ አልጋ ውስጥ ገባሁ። አልጋው ከነእግሮቹ ተገለበጠ። ግማሽ የደረቀ ጀንፈል ቡና ሣሩ ላይ፣ ቦዩ ውስጥ፣ ኮሌታዬ ውስጥ ሳይቀር ተበተነ።

አንዲት ሸምገል ያሉ ሴት ከጓሮ እየሮጡ መጡ። አስካለች ይባላሉ፤ በኋላ ነው ስማቸውን ያወቅነው። የሳምንታት ልፋታቸው መሬት ላይ ነው፤ እኔ ላዩ ላይ ተዘርግቻለሁ። እንደሚሰድቡኝ አልተጠራጠርኩም፤ እኔ ብሆን እሳደብ ነበር። እሳቸው ግን ቡናውን ዘወር ብለው አላዩትም። አጠገቤ ተንበርክከው «አንተ ሰው፣ ተጎዳህ ወይ?» አሉኝ። «እማማ፣ ቡናዎን...» ስል «ቡና ይለቀማል። አንተን ነው የምጠይቅህ፤ የት ነው የተጎዳኸው?» አሉኝ።

ጉልበቴን በጨርቅ አሰሩልኝና፣ መነሳቴን ሲያዩ ደግሞ ወገባቸውን ይዘው ቆሙ። «አሁን ኑ፣ ሁላችሁም ተቀመጡ» አሉ። «እኔ ቡና በአካፋ አላነሳም፤ አፈር ይገባዋል። በጣት ነው፣ አንድ አንድ።» ባዘዘው ጫማውን አወለቀ። እናትህ በባጃጇ ስትደርስ መጀመሪያ ጮኸች፣ ቀጥሎ ሳቀች፣ በመጨረሻ አዲሱን ሱሪዋን ሰብስባ ከሁላችንም በፊት ለቀማ ጀመረች። የጾም ጎደሬ ተቀቅሎ ቀረበልን፣ የአስካለች ሚጥሚጣም አስለቀሰን። እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም። ሐያት በየመሀሉ ቀኝ እጇን ወደ ጎን እየዘረጋች «ጋሼ፣ ሰላም ነው?» ትለኛለች፣ ሁሉም እንደ አዲስ በሳቅ ይፈርሳል።

ዮሃና ብቻ መሳቅ አቆመች። ጣቷ ሣሩ ውስጥ አንዲት ፍሬ ላይ ቀረ።

«አባዬ፣ እማማ አስካለች ተጎዳህ ወይ ሲሉህ...» አለች።

«እህ?»

«ፍሬአብን ማንም አልጠየቀውም እኮ።»

እኔ ከፊቴ ያለውን ቡና ለቀምኩ። እሷ ቀጠለች። «ያን ቀን እሱ አልፈጠነም። እኔ ነኝ። ከኋላው ተቀምጬ ዓይኑን በሁለት እጄ ሸፈንኩትና ማን ነኝ አልኩት። ልቀቂኝ ሲለኝ እየሳቅኩ አጠበቅኩት። ሆስፒታል ስትጮህበት ልናገር ስል እሱ እጄን ጨመቀኝና ፈጥኜ ነው አለህ። ከዚያ ደግሞ ሄደ። በየቀኑ እነግርሃለሁ እያልኩ...» ሐያት አቀፈቻት።

ወደ እናትህ ዞርኩ፤ ታውቅ እንደሆነ። «የዓይኑን ነገር ዛሬ መስማቴ ነው» አለች። «ክርኑን ግን አውቃለሁ። እሱም ተልጦ፣ ደምቶ፣ ወልቆ ነበር። ወጌሻ ዘንድ ወስጄ ያስመለስኩለት እኔ ነኝ። ለአባቴ አትንገሪው አለኝ፤ አንተም አልጠየቅክ።»

ፍሬአብ ልጄ፣ ኪሱን ጨረስኩ፤ ሱሪው ይኸው። አንዲት የማላውቃቸው ሴት፣ ቡናቸውን ደፍቼባቸው፣ ተጎዳህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እኔ የወለድኩህ ግን ልብስህ ላይ ያለውን ደም እያየሁ የማን እንደሆነ አልጠየቅኩህም። የዮሃና ነው ብዬ ደመደምኩ። በሰው ፊት አዋረድኩህ፤ አንተ ደግሞ የአስራ ሁለት ዓመት እህትህን ከኔ ቁጣ ለማዳን ብለህ ተሸከምከው፣ ተሸክመኸውም ድሬዳዋ ድረስ ሄድክ። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ልጅ ነበረች፣ ተጫወተች። ያንተም አይደለም። ልጆቼ እውነቱን ሊነግሩኝ የሚፈሩኝ አባት የሆንኩት እኔ ነኝ። በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ። ይቺን «ይቅር በለኝ» በስልክ ለማለት ብዬ ነበር ስለ ዝናብ ሳወራ የኖርኩት።

ዘግይቼም ቢሆን ልጠይቅህ፦ ተጎድተህ ነበር ወይ? ክርንህ እንዴት ነው? ሲበርድ ያምሃል? ድሬዳዋ ሙቀት ነው፣ እዚያስ ላያምህ ይችላል፤ እዚህ ስትመጣ ግን ጋቢ አዘጋጅልሃለሁ።

ዮሃናን አልተቆጣኋትም፤ አንተም አትቆጣት። ያን ዕለት እየነዳች ነው የተመለሰችው፤ ዳገቱ ላይ «አባዬ፣ ቀለለኝ» ስትለኝ ስለ ሳይክሉ እንዳልሆነ ገብቶኛል። አስካለችም ቡናቸው መልሶ አልጋው ላይ ሲሰጣ አይተው «ጎበዞች» ብለው መረቁን። «ለቀማ አሳምራችኋል፤ የሚቀጥለው ዓመት ሳትገለብጡ ኑ» አሉን። ባዘዘውን ግን አልማሩትም፤ ከለቀመው ላይ ሁለት ጠጠር ተገኝቶበታል።

አሁን የምለምንህን ልለምንህ። ከገና ማግስት ቴፒ ድረስ ልንነዳ ነው። ባዘዘው መንገዱን በአንድ ቀን ነው በሁለት ቀን ነው እያለ ከወዲሁ ከራሱ ጋር ይጨቃጨቃል። እናትህ ከባጃጅ ወርዳ ከባዘዘው ኋላ ልትቀመጥ ቆርጣለች፤ እሱ «ጭነት ለምዷል ይሄ ሳይክል» ብሎ ለጥቂት ነው ከጥፊ የተረፈው። ለገና ና። ፈቃድ አንሰጥም ካሉህ አባቴ ጉልበቱን ታሟል በላቸው፤ ውሸትም አይደል።

ሳይክሉን ዛሬ ጠዋት አጠብኩት። ካቴናውን ዘይት ቀባሁ፣ ሸኮ ላይ የተጣመመውን መሪ አቃናሁ። ከዚያ ደብተሬን ገለጥኩና በሜትር ለክቼ ኮርቻውን ወደ አንተ ቁመት መለስኩት። ሰማንያ አምስት። ከዚያ ወዲህ ጨምረህ እንደሆነ እዚሁ እለካሃለሁ። እኔ እንግዲህ አልደርስበትም፤ ብዘልም አልደርስበትም። ስለዚህ አንተ ትነዳለህ፣ እኔ ከኋላህ እቀመጣለሁ። እጄን ወገብህ ላይ አደርጋለሁ እንጂ ዓይንህ ላይ አላደርግም። ቁልቁለት ላይ ብትፈጥንም ዝም እላለሁ።

እናትህ ዓይንህን፣ ዮሃና ሁለት ጉንጭህን ስማለች፤ ዮሃናማ የራሷን ደብዳቤ ጀምራ አራተኛ ወረቀት ላይ ናት። ባዘዘው «ጎማህን ንፋ» ብሏል። መንገድህ ሁሉ ደልዳላ ይሁንልህ፣ ዳገት ሲገጥምህ የሚገፋህ አይጥፋ፣ የማርያም ልጅ በሰላም ያምጣህ።

እንድትጠራኝ ከፈቀድክ፣
አባትህ
ይርዳው